መቀመጥ፣ መጋለብ፣ መግራት፤ የፈረስ ትምህርት ቤት ምርጫና የቃላቱ ታሪክ ከጎንደር ቁስቋም ጀምሮ

ሰው በፈረስ ላይ መቀመጥን የሚማርበት፣ ፈረስም ሰውን መሸከም የሚለምድበት ተቋም በአማርኛ ምን ተብሎ ይጠራ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። «የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት»፣ «የፈረስ ግልቢያ ክለብ»፣ «የፈረስ ስፖርት ማእከል» የሚሉት ስያሜዎች በየአፉ ይገኛሉና፣ ከእነዚሁ አንዱን መርጦ መዝገብ ላይ ማስፈር የሚበቃ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ስያሜዎቹ በጥሞና ሲታዩ፣ አንድም ተቋሙ የሚያስተምረውን ሁሉ የሚሸፍን ሆኖ አይገኝም። «ግልቢያ» በጥብቅ ፍቺው የፈረስን ፈጣን ሩጫ ብቻ ይነካል፤ «ስፖርት»ና «ክለብ» ደግሞ ስለ ፈረሱ ምንም አይናገሩም።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣበት ነጥብ እንዲህ የሚል ነው። አማርኛ ለፈረሰኛነት ትምህርት ሦስት የተለያዩ ግሶች አሉት፤ እነርሱም መቀመጥ፣ መጋለብና መግራት ናቸው። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ያመለክታሉ። የአንድ የፈረስ ትምህርት ቤት ደግነት ወይም ጉድለት የሚታወቀውም ሦስቱን በሚገባ ለይቶ በተራቸው በመያዙ ነው። በዘመናችን ግን ሁለቱ ግሶች እየተዘነጉ «መጋለብ» ብቻውን የሁሉንም ቦታ ወርሷል። ነገሩ የቃላት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ግልቢያን ብቻ የሚጠይቅ ተማሪ ግልቢያን ብቻ ያገኛል፤ ያልተገራ ፈረስ ላይ ሳይቀመጥ የሚጋልብ ሰውም ዋጋውን በአጥንቱ ይከፍላል። ይህን ለማሳየት የጎንደርን ዘመን፣ በተለይም የቁስቋምን ግቢ፣ መነሻ ማድረጉ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

፩. ግቢው እንደ ትምህርት ቤት

ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ፣ ከተማዪቱ ከ200 ዓመት በላይ የቤተ መንግሥት መቀመጫ ሆና ኖራለች። በፋሲል ግቢ ውስጥ ከአዳራሾቹና ከግንቦቹ ጋር የፈረስ ጋጣ ተሠርቶ እንደ ነበር እስከ ዛሬ የቆመው ፍራሽ ያስረዳል፤ ይኸውም ከዐፄ በካፋ ዘመን (1721–1730 እ.ኤ.አ.) ሕንፃዎች ጋር አብሮ ይጠቀሳል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የፋሲለደስ መዋኛ በሚባለው ስፍራ አጠገብ የምትገኘውን ትንሽ ክብ ሕንፃም አፈ ታሪክ የዞብል መቃብር ይላታል፤ ዞብል የንጉሥ ፈረስ ነበረ። ትውፊቱ እውነት ቢሆንም ባይሆንም፣ የአንድ ከተማ ሕዝብ ለፈረስ የድንጋይ መቃብር ይገባዋል ብሎ ማመኑ ራሱ ምስክርነት ነው።

የዐፄ በካፋ ባለቤት እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው ካረፉ በኋላ ለልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱ (1730–1755 እ.ኤ.አ.) እንደራሴ ሆነው ሲያስተዳድሩ፣ ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ ባለው ኮረብታ ግርጌ ቤተ መንግሥታቸውንና የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያንን አሠሩ። ቁስቋም የሚለው ስም ቅድስት ድንግል ማርያም ልጅዋን ይዛ በስደት ከተቀመጠችበት ከግብፁ ደብረ ቁስቋም የተወሰደ ሲሆን፣ በዓሉም ኅዳር 6 ቀን ይከበራል። ስፍራው ከፋሲል ግቢ ተለይቶ በራሱ ቅጥር የተከበበ፣ አዳራሽ፣ እልፍኝና ቤተ ክርስቲያን ያለው ሁለተኛ ግቢ ነበረ። እንዲህ ያለ ግቢ ያለ ፈረስና ያለ በቅሎ አይቆምም። መኳንንቱ ለደጅ ጥናት በበቅሎ ይመጣሉ፤ ፈረሳቸው ኮርቻው ላይ ግላስ ለብሶ በአሽከር እየተሳበ ይከተላል፤ የባላባት ልጅም ከታላላቆቹ ሥር ሆኖ አያያዙን ያያል፤ ጥቂት ቆይቶም ይሞክራል።

እዚህ ላይ አንድ የዘመን ግጥጥሞሽ ማንሣት ይጠቅማል። የምንትዋብ ግንበኞች በቁስቋም ድንጋይ ይጠርቡ በነበረበት በዚያው በ1730ዎቹ፣ በአውሮፓ የቪየና ቤተ መንግሥት ለፈረሰኛነት ትምህርት ብቻ የተለየ ታላቅ አዳራሽ አሠርቶ ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1729 ተጀምሮ በ1735 ተፈጸመ። «የስፔን የፈረስ ትምህርት ቤት» የሚባለው ይህ ተቋም እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። በቪየና ትምህርቱ ቤት ተሠራለት፤ በጎንደር ግን ትምህርቱ በጌታ ቤት ውስጥ ቀረ። የቪየናው ወጣት የፈረስ ትምህርት ቤት ይገባል፤ የጎንደሩ ወጣት ግን ጌታ ያድራል። ስለዚህ በእኛ አገር «የፈረስ ትምህርት ቤት መምረጥ» ማለት ለብዙ ዘመን የሚያድሩለትን ቤት መምረጥ ማለት ነበረ። የትኛው መኰንን ጥሩ ፈረስ አለው? የማን ገሪ የታወቀ ነው? በጉግስ ሜዳ የማን ቤት ልጆች ያይላሉ? ጥያቄዎቹ የዛሬዎቹ ናቸው፤ የጎደለው የተቋሙ ስም ብቻ ነው።

፪. የብሩስ ፈተና

የዚህን ዘመን የፈረስ ነገር በጽሑፍ ካቆዩልን መካከል ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ አንዱ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ጎንደር ገብቶ እስከ 1771 መጨረሻ በአገሩ ቆይቷል። መጀመሪያ ያረፈው በቁስቋም ሲሆን፣ በዚያም በፈንጣጣ የታመሙትን የመሳፍንት ልጆች ያክም ነበር። ከዚያ በዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ባለሟልነትና የአንድ የፈረሰኛ ጭፍራ አዛዥነት እንደ ተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ይተርካል። የውጭ ሰው ሆኖ በዚያ ግቢ መከበሩ ከሕክምናው ሌላ በፈረስ ላይ አቀማመጡና በተኩስ ችሎታው ጭምር ነበረ።

ከትረካው ውስጥ ለነገራችን እጅግ የሚጠቅመው ወደ ዐባይ ምንጭ ሲጓዝ ከዳሞቱ ገዥ ከፋሲል ጋር የተገናኘበት ክፍል ነው። (ይህ ፋሲል ከዐፄ ፋሲለደስ የተለየ ሰው ነው።) ለጉዞው ከቀረቡለት ፈረሶች መካከል ገራም ነው ተብሎ የተሰጠው ፈረስ ፈጽሞ ያልተገራ ሆኖ ተገኘ፤ ብሩስም ሕይወቱን ለአደጋ ካጋለጠ በኋላ እንስሳውን በብርቱ ትግል አድክሞ እንዳሸነፈው ጽፏል። ቆይቶ ፋሲል የራሱን ፈረስ ከነኮርቻውና ከነልጓሙ ሰጠው። ትእዛዙ ግን እንግዳ ነበረ፤ እንዳይቀመጥበት፣ ይልቁንም ከፊቱ እንዲያስነዳው ነው። የአገሩ ሰው ያን ፈረስ ሲያይ የማን እንደ ሆነ ያውቃልና መንገደኛውን አይነካውም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው፣ «ገራም» የሚለው ቃል ዋጋ የሚኖረው የተናገረው ሰው ሲታመን ብቻ መሆኑ ነው። ብሩስ የሠለጠነ ፈረሰኛ ስለ ነበረ ተረፈ፤ ጀማሪ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያበቃ ነበር። ሁለተኛው፣ ፈረስ በዚያ ዘመን የባለቤቱ ስምና ፊርማ እንደ ነበረ ነው። የፈረስ ስም የምንለው ልማድ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ዐፄ ኀይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተብለው የተጠሩት በፈረሳቸው ስም ነው። ሰውየው የፈረሱ «አባት» ተብሎ ይጠራል እንጂ ፈረሱ በሰውየው ስም አይጠራም።

፫. ሦስቱ ግሶች

የጎንደር ዜና መዋዕሎች በግእዝ የተጻፉ ናቸው። ግእዝ በፈረስ ላይ መውጣትን ተጽዕነ ይላል፤ ፈረሰኞችንም መስተጽዕናነ አፍራስ ይላቸዋል። ሥሩ ጸዐነ፣ ማለትም ጫነ፣ ነው። ይህ ሥር በአማርኛ ሁለት ዘር ትቷል። አንደኛው በድምፅ ለውጥ ያለፈው ጫነ ነው፤ «ፈረሱን ጫንልኝ» ስንል ኮርቻውን አድርግበት ማለታችን ነው። ሁለተኛው ከግእዝ እንዳለ የተወሰደው ተጽዕኖ ነው። ዛሬ ስለ ኢኮኖሚ ተጽዕኖ ወይም ስለ ባህል ተጽዕኖ የሚጽፍ ሰው ቃሉ በእንስሳ ጀርባ ላይ ካረፈ ሸክም የመጣ መሆኑን አያስታውሰውም።

አማርኛ በራሱ በኩል ለዚህ ተግባር የመረጠው ግስ መቀመጥ ነው። «በበቅሎ ተቀምጦ መጣ»፣ «ፈረስ ተቀመጠ» ይላል የቆየው አነጋገር። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም የዮሐንስ ራእይ አራቱ ፈረሰኞች በፈረሶቻቸው ላይ የተቀመጡ ናቸው እንጂ ጋላቢዎች አልተባሉም። (የፈረሶቹ መልክ ስሞች፣ አምባላይ፣ ዳማ፣ ጉራቻና ሐመር፣ በዚያው ምዕራፍ ተጠብቀው መገኘታቸው ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ትልቅ ሀብት ነው።) መቀመጥ የሚለው ግስ ጸጥታን፣ ሚዛንንና መደላደልን ያሳያል፤ ፈረሱ ይሂድ ይቁም፣ ይሩጥ ይራመድ አይወስንም።

ጋለበ ግን ፍጥነትን ይዞ የተወለደ ግስ ነው። የፍቺው መስፋት የተፈጠረው በፈረስና በበቅሎ የሥራ ክፍፍል ሳይሆን አይቀርም። በሰሜን ተራሮች ጠባብና ገደላማ መንገድ፣ ለረጅም ጉዞ የሚመረጠው እግሯን የምታውቀው በቅሎ ነበረች፤ በተለይም ተቀማጩን ሳታናውጥ የምትሄደው ሰጋር በቅሎ ከፈረስ ዋጋ ታወጣ ነበር። ፈረስ ለጦር ሜዳና ለጉግስ ይጠበቃል። ስለዚህ በቅሎን ይቀመጧታል፤ ፈረስን ይጋልቡታል። በቅሎ ከከተማው ሕይወት ስትርቅ «መቀመጥ»ም አብሯት ራቀ፤ የቀረው የሜዳው ቃል ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ተረትም ስለዚሁ ክፍፍል ይመሰክራል፤ ፈረሱ ሰውየውን ከጦሩ ቦታ ያደርሰዋል፤ የቀረው የተቀማጩ ፋንታ ነው።

ሦስተኛው ግስ ገራ ነው። ገሪ ፈረሱን ከዱርነት ወደ ሥራ የሚያመጣው ባለሙያ ነው፤ ገራም የተገራው፣ ሰው የለመደው እንስሳ ነው። ቃሉ ከጋጣ ወጥቶ ወደ ሰው መዝለቁ የሚያስደንቅ ነው፤ «ያልተገራ አንደበት»፣ «ልጁን ግራው» እንላለን። በዚህ መንገድ የተጓዙ ሌሎችም አሉ። አፍን መለጐም ከልጓም፣ ጋጠ ወጥ ከጋጣ የመጡ ናቸው። ስለ ሰው ሥነ ምግባር የምንናገርበት ቋንቋ እኩሌታው ከፈረስ ቤት የተዋሰ ይመስላል። ይህም የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በጌታ ቤት ወጣቱና ውርንጭላው በአንድ ግቢ፣ በአንድ ሰው ዐይን ሥር ይገሩ ነበር።

ይህ አስተሳሰብ የእኛ ብቻ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ምእት ዓመት የኖረው ግሪካዊው ዜኖፎን ስለ ፈረሰኛነት በጻፈው ድርሰት፣ ውርንጭላውን ለገሪ የሚሰጥ ሰው ልጁን ለባለሙያ እንደሚሰጥ አባት ሆኖ፣ እንስሳው ሲመለስ ምን ማወቅ እንደሚገባው አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲዋዋል ይመክራል። ምክሩ ዛሬም አላረጀም።

፬. የአካሄድ ስሞች

የአንድ ቋንቋ የፈረሰኛነት ጥልቀት ከሚለካባቸው ነገሮች ዋናው የፈረስን አካሄድ ለመለየት ያለው አቅም ነው። ፈረስ በተፈጥሮው አራት ዐበይት አካሄዶች አሉት። በመጀመሪያው አራቱ እግሮች በየተራ ያርፋሉ፤ በሁለተኛው የፊት ቀኝና የኋላ ግራ፣ ከዚያም የፊት ግራና የኋላ ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሁለት ምት ይመታሉ፤ በሦስተኛው ሦስት ምት ይሰማል፤ በአራተኛው ፈረሱ ተዘርግቶ ይሮጣል፤ አራቱም እግሮች ከምድር የሚለቁበት ቅጽበትም ይኖራል።

ለነዚህ አማርኛ ርምጃ፣ ሶምሶማ፣ ደንገላሳና ሽምጥ የሚሉ ስሞች አሉት። ከነዚህ ሌላ ለበቅሎዋ ልዩ አካሄድ ሰጋር የሚል ቅጽል አለው። እንግዲህ ከውጭ መጽሐፍ የተማረ አሠልጣኝ «ትሮት»፣ «ካንተር»፣ «ጋሎፕ» እያለ ቢያስተምር ጉድለቱ የቋንቋው አይደለም። ከነዚህ ቃላት የሶምሶማ ዕጣ የተለየ ነው፤ የሰዎች የዝግታ ሩጫ ስም ሆኖ በከተማ ነዋሪ አፍ በሰፊው ይኖራል፤ ማለዳ ሶምሶማ የሚወጣው ሰው ግን የፈረስ አካሄድ ስም መጥራቱን ላያውቅ ይችላል። ደንገላሳ የተጠበቀው በዘፈንና በሠርግ ግጥም ነው፤ በአንዳንድ ቦታም ከአካሄድነቱ ይልቅ ለትርኢት የሚደረግ የፈረስ ጭፈራን ያመለክታል። ሽምጥ «ሽምጥ ጋለበ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ብቻ ታስሮ ቀርቷል። ቃላቱ አልሞቱም፤ የሚሠሩበትን ቦታ አጥተው ተበትነዋል።

፭. ዕቃውና አደጋው

የፈረስ ዕቃ ስሞች ከአካሄዱ ስሞች ይልቅ በሕይወት አሉ፤ ምክንያቱም ዕቃዎቹ ከሜዳ ወደ ከተማ መንገድ ተሻግረዋል። ልጓም፣ ዛብ፣ ኮርቻ፣ እርካብ፣ ግላስ፣ አለንጋ የሚሉትን ቃላት የሚያውቁ ሰዎች በየከተማው አሉ፤ የጋሪ ነጂዎች በተለይ ልጓምንና ዛብን በየዕለቱ ይጠሯቸዋል። የባጃጅ መበራከት ጋሪውን እያራቀው ሲሄድ እነዚህም ቃላት አደጋ ላይ መውደቃቸው አይቀርም።

ከዕቃዎቹ መካከል እርካብ ልዩ ማብራሪያ ይፈልጋል። የድሮው ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ይቀመጥ ስለ ነበረ፣ የአገራችን እርካብ አውራ ጣት ብቻ የሚገባባት ጠባብ ቀለበት ነበረች። ሰፊው፣ ሙሉ እግር የሚያስገባው እርካብ ከጫማ ጋር የመጣ ነው። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ጠባያቸው የተለያየ ነው። በሰፊው እርካብ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያስገባ ተማሪ ቢወድቅ ፈረሱ ሊጎትተው ይችላል፤ ስለዚህ ተረከዝ ያለው ጫማ ማድረግና እርካቡን በእግሩ ፊት ብቻ መርገጥ ይኖርበታል። መዝገበ ቃላት እርካብን «የፈረሰኛ እግር ማስገቢያ» ብሎ ብቻ ሲያልፈው ይህን ልዩነት ይደብቀዋል።

፮. ከግቢ ወደ ማኅበር

የጎንደር ግቢ ትምህርት ቤትነቱን ያጣው ቀስ በቀስ ነው። የመሳፍንቱ ዘመን የንጉሡን ቤት አደከመ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸውን ወደ ደብረ ታቦርና ወደ መቅደላ አዛወሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1888 ደግሞ ደርቡሾች ከተማዪቱን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ከጥፋቱ አልዳነም። ዛሬ በቁስቋም የሚታየው የቅጥሩና የአዳራሹ ፍራሽ፣ እንደገና የታነጸው ቤተ ክርስቲያንና የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ዐፅም ነው። ስፍራው ከፋሲል ግቢ ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ድንጋዩ ተመዘገበ፤ በግቢው ይነገር የነበረው የፈረሰኛ ቋንቋ ግን መዝጋቢ ይሻል።

ፈረሰኛነቱ ራሱ ግን ሌላ መጠጊያ አግኝቷል። በዚሁ በአማራ ክልል፣ በአዊ፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተቋቁሞ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በእንጅባራ ያከብራል። በዚያ ልጅ ከአባቱ ይማራል፤ ማኅበሩም ይመሰክርለታል። የጌታ ቤት ያደርገው የነበረውን ማኅበር ተረክቦታል ማለት ነው። በደባርቅ በኩል ደግሞ የሰሜን ተራሮችን ለሚጎበኝ እንግዳ በቅሎ የሚያከራዩ ባለ በቅሎዎች «ተቀመጥ»፣ «ጫን»፣ «ሳብ» የሚሉትን ትእዛዛት በሥራ ላይ ያቆያሉ። በአዲስ አበባም ባልደራስ የሚለው የቤተ መንግሥት ፈረሶች ሹም ማዕርግ የሰፈር ስም ሆኖ ኖሯል፤ ብዙ ነዋሪ ግን ሹመቱን ሳይሆን ሰፈሩን ብቻ ያውቃል።

፯. ስለ ምርጫ

እንግዲህ ዛሬ ራሱ ሊማር ወይም ልጁን ሊያስተምር የፈረስ ትምህርት ቤት የሚፈልግ ሰው በምን ይምረጥ? ከላይ የተዘረዘሩት ቃላት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጥያቄ ያቀብሉታል።

ስለ መግራት፤ ፈረሱን ማን ገራው? ገሪውስ በቦታው አለ ወይ? መምህሩ እያንዳንዱን ፈረስ በስሙና በጠባዩ ለይቶ ሊያስረዳ፣ ለጀማሪ የሚሰጠው የትኛው እንደ ሆነና ለምን እንደ ሆነ ሊናገር ይገባዋል። «ሁሉም ገራም ናቸው» የሚለው መልስ ብሩስን ሊያስገድለው የነበረው መልስ ነው።

ስለ መጫን፤ ኮርቻው ሲወርድ ጀርባውን ማየት ነው። ገጣባ ያለበት ፈረስ የተቋሙን ጠባይ ከማናቸውም ማስታወቂያ ይበልጥ ይናገራል። ኮርቻው ለዚያው ፈረስ ጀርባ ልክ መሆኑን፣ ጠፍሩ አለመላላቱን፣ ልጓሙ አፉን አለማቁሰሉን፣ ሰኮናው መጠረቡን መመልከት ይገባል። የቆመበት ጋጣ ደረቅ ነውን? ውሃውስ ንጹሕ ነውን? በመልኩ ማማር የሚመርጥ ሰው ይሳሳታል፤ አምባላይ ሆነ ዳማ፣ መልክ ሰው አይሸከምም።

ስለ መቀመጥ፤ ተማሪው ዛብ ከመያዙና ከመጋለቡ በፊት፣ መምህሩ ረጅም ገመድ ይዞ ፈረሱን በዙሪያው እያዞረ አቀማመጥን ብቻ ያስተምራልን? ርምጃን ሳያጠግብ ሶምሶማ፣ ሶምሶማን ሳያጠግብ ደንገላሳ የሚያስኬድ መምህር ግልቢያን ይሸጣል እንጂ ፈረሰኛነትን አያስተምርም። ለራስ የሚሆን ጠንካራ ቆብ መኖሩ፣ ሜዳው መታጠሩና መደልደሉም ከዚሁ ጋር ይቆጠራሉ።

ስለ መጋለብ፤ ይህ የመጨረሻው ነው። «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው እንጂ በመጀመሪያው ቀን አይደለም። ጉግስን የሚያስተምር ቦታ ከሆነ፣ ተማሪው ሸሽቶ በጋሻ መመከትን፣ አሳዶም ዘንጉን በልክ መወርወርን የሚማረው ፈረሱን ያለ ሐሳብ መግዛት ከቻለ በኋላ መሆን ይገባዋል።

፰. የስያሜ ሐሳብ

በዚህ መሠረት የሚከተለው ሐሳብ ለውይይት ቀርቧል።

የፈረሰኛነት ትምህርት ቤት፦ ሰው መቀመጥንና መጋለብን፣ ፈረስም መገራትን የሚማርበት ተቋም። «የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት» ለሚለው ምትክ ይሆናል፤ ምክንያቱም «ፈረሰኛነት» ሦስቱንም ግሶች ይይዛል፤ «ግልቢያ» ግን አንዱን ብቻ።

ባልደራስ፦ የተቋሙ ፈረሶች ኀላፊ። የድሮው ማዕርግ ከሰፈር ስምነት ተመልሶ ወደ ሥራው ይገባል።

ገሪ፦ ፈረስን የሚያሠለጥን ባለሙያ። ሰውን ከሚያስተምረው መምህር የተለየ ሙያ መሆኑ በስሙ ይታወቅ።

ተቀማጭ፦ በትምህርት ላይ ያለው ሰው። በባንክ ካለው ገንዘብ ስም ጋር መመሳሰሉ ችግር አይሆንም፤ ዐውዱ ይለየዋልና። ትምህርቱን ሲፈጽም ፈረሰኛ ይባላል። ጋላቢ የሚለው ለእሽቅድምድም ተወዳዳሪ ይቀመጥ።

ርምጃ፣ ሶምሶማ፣ ደንገላሳ፣ ሽምጥ፦ አራቱ የፈረስ አካሄዶች በፍጥነታቸው ቅደም ተከተል። በመዝገበ ቃላት ሶምሶማ የፈረሱ ፍቺ በመጀመሪያ፣ የሰው ሩጫ በሁለተኛ ደረጃ ይሰፍር ዘንድ ይገባል።

የነዚህ ቃላት ዕድል የሚወሰነው በአካዳሚ ውሳኔ ብቻ አይደለም። ቪየና ቃላቷን ያቆየችው የፈረስ አዳራሽዋ ስላልተዘጋ ነው፤ አገው ያቆየውም ማኅበሩ ስላልፈረሰ ነው። በየከተማው የፈረሰኛነት ትምህርት ቤት ለማቋቋም የሚያስብ ሁሉ ከፈረስና ከሜዳ ጋር ቃላቱንም ቢያዘጋጅ፣ ለመማር የሚሄደውም ሰው ከዋጋ አስቀድሞ «ገሪያችሁ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቃሉም ፈረሱም ይተርፋሉ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰውየው በደኅና ከኮርቻው ይወርዳል።